«ብሪፍ አድርግልኝ» ሲባል

በየመሥሪያ ቤቱ በየዕለቱ ከሚሰሙ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ብሪፍ» ነው። «እስቲ ጉዳዩን ብሪፍ አድርግልኝ» የሚል አለቃ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ነገሩ ከሥሩ ተነሥቶ፣ ተዘርዝሮና ተብራርቶ እንዲነገረው ነው። ሠራተኛውም ወንበሩን ሳብ አድርጎ ከመጀመሪያው ይጀምርለታል። ሁለቱም ሐበሾች እስከሆኑ ድረስ ይግባባሉ፤ ችግር የለም። በእንግሊዝኛ ግን የቃሉ ፍቺ ተቃራኒው፣ «አጭር» ማለት ነው።

ምንጩ «ብሬቪስ» የሚለው የላቲን ቃል ነው። ጀርመኖች ደብዳቤን «ብሪፍ» ማለታቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። አጭሩ የወንዶች የውስጥ ሱሪም «ብሪፍስ» ይባላል፤ ይህን ያስታወሰ ሰው ፍቺውን የሚረሳ አይመስለኝም።

ግራ የሚያጋባው ግሱ ነው። አንድን ሰው «ብሪፍ» ማድረግ ማለት ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት ማወቅ ያለበትን ነገር መንገር ነው። አብራሪ ከመነሣቱ በፊት ስለ አየሩ ጠባይና ስለሚበርበት መስመር የሚሰጠው ገለጻ «ብሪፊንግ» ይባላል። እዚህ ላይ ዋናው ቁም ነገር አስፈላጊው መነገሩ ነው እንጂ የደቂቃው ማነስ አይደለም። የጠበቆቹ «ብሪፍ» ደግሞ ጭራሽ አጭር አይደለም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ጣሪያውን ከ15,000 ቃላት ወደ 13,000 ዝቅ ያደረገው በዝቶበት ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው አጠቃቀም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምጠረጥረው «ብሪፍ ላድርግላችሁ» ብሎ ሰሌዳውን የሚሞላውን መምህር ነው።

ጣጣው የሚመጣው ጠያቂው ሌላ ሲሆን ነው። «ብሪፍሊ» አስረዳ የሚል የፈተና ጥያቄ ላይ ሦስት ገጽ የጻፈ ተማሪ ለቀጣዮቹ ጥያቄዎች ሰዓት ያጥረዋል። የውጭ ድርጅት «ብሪፍ» ማመልከቻ ሲጠይቅ የሕይወት ታሪኩን የላከ ሰውም መመሪያ የማያነብ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። ጠያቂው ዝርዝር ቢፈልግ ኖሮ «ኢን ዲቴይል» ወይም «ኢላቦሬት» ይል ነበር።

ቸርችል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940፣ በጦርነቱ መሐል፣ ስለ ሪፖርት ርዝመት ማስታወሻ ጽፈው ነበር። ዋና ዋና ነጥቦች በአጫጭር አንቀጾች ይቅረቡ፣ ዝርዝሩና አኃዙ በአባሪ ይሁን፤ ብዙ ጊዜም ርዕሶቹን ብቻ አስፍሮ ካስፈለገ ቀሪውን በቃል ማስረዳት ይሻላል የሚል ነበር።