ጨው ቀመስ ውሃና የመስተዋት ገንዳ

በጫግኒ አካባቢ የሚወርዱት ዱራና አርዲ ወደ ዓባይ የሚገቡ፣ ጨው የለሽ ውሃ ያላቸው ወንዞች ናቸው። ከእነዚህ የተያዘውን ዓሣ በመስተዋት ገንዳ አኑሮ ጠባዩን ሊመረምር የሚሻ ተማሪ አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ይኸውም በውሃው ላይ ጨው ቢጨመር ዓሣውና ተክሉ በሕይወት ይኖራሉን? የሚለው ነው።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለበት። ጨው ቀመስ የምንለው ውሃ በወንዝና በባሕር መካከል ያለው ነው። የኦሞ ወንዝ የሚገባበት የቱርካና ሐይቅ በሊትር ወደ 2.5 ግራም ጨው ሲኖረው፣ ቆሮሶና አምባዛ ይኖሩበታል። እጅግ ጨዋማ በሆነው በአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ እንኳ በዳሩ በሚፈልቁት ምንጮች አጠገብ ትናንሽ ዓሦች ይገኛሉ። ከእነርሱም አንደኛውን ዓይነት ዶክተር አበበ ጌታሁን ከአንድ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ለሣይንስ ዓለም አስታውቀዋል።

የወንዝ ዓሣ ሰውነት ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃው በስንጥቡ በኩል ዘወትር ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ዓሣውም ትርፉን በሽንት ያስወግዳል፣ ጨውን ደግሞ በስንጥቡ መልሶ ይሰበስባል። የውጭው ውሃ ከሰውነቱ በልጦ ጨዋማ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ዓሣው በውሃ መካከል ሳለ ይደርቃል። ቆሮሶ ይህን ለውጥ ቀስ በቀስ ከመጣበት ይችላል። በፈሳሽ ወንዝ የለመደው ነጭ ዓሣ ግን ለዚህ አይስማማም፤ ባለበት ውሃ ይቆይ።

ዓሣን ማደባለቅም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አምባዛ ጨው በመጠኑ ቢችልም በሌሊት ትናንሾቹን ይውጣል። ቆሮሶም ሲያድግ ጠበኛ ነው፤ ተክሉንም ይበላል። ስለዚህ በቁመት የተቀራረቡ ግልገሎች ይመረጣሉ። ከተክል ወገን ፖታሞጌቶን የሚባለው ሣር መሰል ተክል ጨውን በደንብ ይታገሣል፤ ቫሊስኔሪያም ጥቂቱን ይችላል። ተክሉ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ በመቀነስ ይረዳል፤ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን በጠጠሩ ላይ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነርሱም እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ ዓሣ በብዛት አስቀድሞ መጨመር አይገባም።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መቶ ሊትር ገንዳ በሊትር 2.5 ግራም ቢኖረው ጠቅላላ ጨዉ 250 ግራም ነው። በሙቀት 20 ሊትር ቢተንን፣ የሚሄደው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨዉ ይቀራል፣ መጠኑም በሊትር ከ3 ግራም ያልፋል። ጠባቂው የጎደለውን እንደ መጀመሪያው ጨው ባለበት ውሃ ቢሞላው 50 ግራም ይጨምራል። ይህንንም አምስት ጊዜ ቢደጋግም ጨዉ እጥፍ ይሆናል። ገንዳው ዘወትር ሙሉና ጥሩ መስሎ ስለሚታይ ምክንያቱ አይጠረጠርም። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ የተነነው በጨው የለሽ ውሃ ይተካል፣ ተቀድቶ የወጣው ብቻ በጨው ቀመስ ውሃ ይተካል።

ይህ ሕግ ለመስተዋት ገንዳ ብቻ አይደለም። የአብጃታ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ወደ እርሱ የሚገባው የቡልቡላ ውሃ ለመስኖ ሲቀነስ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ የቀረው ውሃም ጨዋማነቱ በረታ። ቆሮሶ ይጠመድበት የነበረው ሐይቅ ዓሣው ተመናመነ። በሻላ ደሴት እየፈለፈሉ ከአብጃታ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን በሌላ ሐይቅ ለመፈለግ ተገደዱ። በገንዳ የሚጠፋውን በአንድ ባልዲ ውሃ ማቃናት ይቻላል፤ የሐይቁን ግን የሚያቃናው የሚገባው ወንዝ ብቻ ነው።