ፎቶው አምሯል፤ ፊቱስ የማን ነው?

ፎቶ ቤት ገብቶ “ትንሽ ይስተካከልልኝ” የማይል ደንበኛ ጥቂት ነው። ባለሙያውም ኮምፒዩተሩ ላይ ጥቂት ቆይቶ ብጉርም ሆነ ማድያት የሌለበት ፊት ያስረክባል። በእኔ እምነት ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ማወቅ ምኑ እንዲነካ፣ ምኑ እንዲተው ለመወሰን ይረዳል።

ፎቶሾፕን ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች ጀምረውት፣ አዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አቀረበው። በመጀመሪያ ጉድፍ የሚሸፈነው ከሌላ የቆዳ ክፍል ቀድቶ በመለጠፍ ነበር። የሁለቱ ቦታዎች ብርሃን ካልገጠመ ግን እንደ ልብስ ጥፍ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፎቶሾፕ 7 “ሂሊንግ ብራሽ” የተባለውን መሣሪያ ይዞ መጣ። ይህ መሣሪያ የቆዳውን ሸካራነት ከሌላ ቦታ ይወስድና ቀለሙንና ብርሃኑን ከጉድፉ አካባቢ ጋር ያዛምዳል።

በየስልካችን ያሉት ማስዋቢያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ፊቱን በጠቅላላ ያለሰልሳሉ። ያን ጊዜ የቆዳ ቀዳዳዎች ጠፍተው ፊቱ ፕላስቲክ ይመስላል። ፎቶው እንዲደምቅ ሁሉም ነገር እኩል ሲበራ ደግሞ ጠይሟ ልጅ ቀይ ሆና ትወጣለች። መፍትሔው ጥላ ያረፈበትን ክፍል ብቻ ማብራት፣ እርማቱንም በተለየ ሌየር ላይ ሠርቶ ጉልበቱን መቀነስ ነው።

ለሰነድ የሚሆን ፎቶ ሲሆን ነገሩ ከውበት ያልፋል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቪዛና ለፓስፖርት የሚቀርብ ፎቶ በኮምፒዩተር እንዳይለወጥ ያዛል። በማስታወቂያም ቢሆን ኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 ጀምሮ የሰው አካል ቅርፅ ወይም ቆዳ የተለወጠበት ፎቶ ምልክት እንዲደረግበት በሕግ ደንግጋለች።

የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው፤ በሁለት ሳምንት የሚድን ብጉር ቢጠፋ ጉዳት የለውም። ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው ምልክት፣ የእናቶቻችን የአንገት ንቅሳት ግን ጉድፍ ሳይሆኑ ሰውየው የሚታወቅባቸው መለያዎች ናቸው። ሰው ሲያልፍ ለልጅ ልጆቹ መልኩን የሚነግራቸው ፎቶው ነው። ስለዚህ ከፎቶ ቤት ስትወጡ የተዋበውን ብቻ ሳይሆን ያልተነካውን ፋይልም ጠይቃችሁ ውሰዱ።