ከቆሻሻ ነዳጅ የሚያወጡ ኩባንያዎች

የተለያዩ ነገሮችን ለማነጻጸር የሚነሣ ጸሐፊ አስቀድሞ መለኪያውን መወሰን ይገባዋል፤ የበሬን ጉልበት ከላም ወተት ጋር ማስተያየት ፍሬ የለውምና። በዚህ ምንባብ ከቆሻሻና ከተረፈ ምርት ነዳጅ ለማውጣት የተነሡ አራት ኩባንያዎችን እናነጻጽራለን። መለኪያዎቻችን ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ጥሬ ዕቃው፣ የአሠራሩ ዘዴና የተገኘው ውጤት ናቸው።

በመጀመሪያ የፊንላንዱን ኔስቴን እንመልከት። ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 የነዳጅ ዘይት ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ፤ በ2007 ደግሞ ፖርቮ በተባለች ከተማ ታዳሽ ናፍጣ ማምረት ጀመረ። ቆየት ብሎም በሲንጋፖርና በሮተርዳም ትላልቅ ፋብሪካዎችን ከፈተ። ቀድሞ በብዛት ይጠቀምበት የነበረው የፓልም ዘይት ስለ ደን ጭፍጨፋ ወቀሳ ስላስከተለበት፣ ፊቱን ወደ ያገለገለ የምግብ ዘይትና ወደ ከብት ሞራ አዞረ። ስብ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጂን ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ኦክሲጂን ተለይቶ ይወጣል፤ የሚቀረውም ከተለመደው ናፍጣ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ሆኖም በዓለም ላይ የሚገኘው ያገለገለ ዘይት ውሱን ነው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2005 በኒውዚላንድ የተመሠረተው ላንዛቴክ ነው። የዚህ ኩባንያ ጥሬ ዕቃ ከብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎች የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የበዛበት ጋዝ ነው። ባክቴሪያዎች ጋዙን ተመግበው ኢታኖል ያወጣሉ፤ ነገሩ እርሾ የማርን ስኳር ወደ አልኮል ለውጦ ጠጅ እንደሚያደርገው ያለ ነው። በዚህ ዘዴ የሚሠራ የመጀመሪያው የንግድ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ሥራ ጀመረ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ፋብሪካ የሚቆመው ጋዙ በብዛት በሚገኝበት ቦታ ብቻ ነው።

የካናዳው ኤነርኬምና የአሜሪካው ፈልክረም ግን ከሁሉ የከበደውን ሥራ መረጡ፤ ይኸውም ከየቤቱ የሚወጣውን የተደባለቀ ቆሻሻ ወደ ነዳጅ መለወጥ ነው። ቆሻሻው በጥቂት ኦክሲጂን ሲግል ሙሉ በሙሉ ከመንደድ ይልቅ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙም ከተጣራ በኋላ በኬሚካላዊ ዘዴ ፈሳሽ ነዳጅ ይሆናል። ኤነርኬም በኤድመንተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀውን ፋብሪካውን በ2024 ዘጋ። ፈልክረምም በኔቫዳ ባቋቋመው ፋብሪካ በ2022 መጨረሻ የመጀመሪያውን ምርት ካገኘ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው መክሠሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው ባይባልም፣ የጥሬ ዕቃው ጠባይ ትልቅ ድርሻ አለው። ዘይት ከዘይት ጋር ይመሳሰላል። የቤት ቆሻሻ ግን ዛሬ እርጥብ የምግብ ትራፊ፣ ነገ ፕላስቲክ፣ ከነገ ወዲያ ብርጭቆና ብረት ይበዛበታል፤ ከዚህ የሚወጣውን ጋዝ ማጥራት አድካሚ ነው፣ ወጪውም ብዙ ነው። እንግዲህ ጥሬ ዕቃው አንድ ዓይነት በሆነ መጠን ሥራው ይቀላል።

ነገር ግን «ቀላሉን የመረጠ ብልህ፣ ከባዱን የመረጠ ሞኝ» ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። ከተሞችን የሚያስጨንቀው ያገለገለ ዘይት ሳይሆን የተደባለቀው ክምር ነው። በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በዚያው አካባቢ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ፋብሪካ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የተሠራ እንጂ ፈሳሽ ነዳጅ የሚያወጣ ስላልሆነ ከንጽጽራችን ውጭ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ግን ያው የተደባለቀ ቆሻሻ ነው።

ስለዚህ ንጽጽሩ የሚያስተምረን ለኩባንያዎች ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። መሐንዲሶች በብዙ ገንዘብ የሚለያዩትን የደባለቅነው እኛው በየቤታችን ነን። የምግብ ትራፊን ከፕላስቲክና ከብርጭቆ ለይቶ ማስቀመጥ ደግሞ ፋብሪካ አይጠይቅም።

ጥያቄዎች

1. ጸሐፊው የረጲን ፋብሪካ ከንጽጽሩ ውጭ ያደረገው ለምንድን ነው?
2. በምንባቡ ውስጥ ተቃርኖን የሚያሳዩ አያያዦችን (ለምሳሌ «ሆኖም») አውጥታችሁ ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ የሚገኙ ሁለት የማገዶ ዓይነቶችን በሦስት መለኪያዎች የሚያነጻጽር አንቀጽ ጻፉ።