የፋሲካ ማዕድና የሥጋ ዋጋ

የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ተፈጽሞ በዓለ ትንሣኤው ደርሷል። በየቤቱ ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ ቄጤማው ተገዝቷል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን በአባወራውና በእማወራዋ ዘንድ ልጆች እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሥጋው ጉዳይ ነው። በቄራ፣ በካራና በአቃቂ የከብት ገበያዎች የበጉን ጀርባ ዳብሶ፣ ዋጋውን ጠይቆ፣ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው ቁጥር ቀላል አይደለም። በግ ላልቻለ መጽናኛ የነበረችው ዶሮ እንኳ ከነሽንኩርቷ፣ ከነቅቤዋና ከነበርበሬዋ ስትታሰብ የብዙ ቤተሰብን የወር ወጪ የምታናጋ ሆናለች።

አገራችን ከ60 ሚሊዮን በላይ የቀንድ ከብት ያላት፣ በዚህም ከአፍሪካ ቀዳሚውን ስፍራ የያዘች ናት። ታዲያ ሥጋ በዚህ መጠን ስለምን ተወደደ? ብዙዎች ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴውና በደላላው ላይ ይጥላሉ፤ የእነርሱም ድርሻ የለም አይባልም። ነገር ግን በቦረናና በሶማሌ አካባቢዎች ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ዝናቡ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ሳይዘንብ በመቅረቱ ቁጥር ስፍር የሌለው ከብት አልቋል። የፋጉሎውና የፉርሽካው ዋጋ ጨምሯል፣ የጭነት ኪራዩም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም የብር የመግዛት አቅም መቀነሱን ማንም በኪሱ ያውቀዋል። ከዚህ ሌላ የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ይላካል።

ከሁሉም ይልቅ ልብ የማንለው አንድ ምክንያት ግን ከራሳችን የሚመነጭ ነው። ለሁለት ወር ገደማ ከሥጋ፣ ከወተትና ከዕንቁላል ተከልክለን እንቆይና ሁላችንም በአንድ ሳምንት፣ ይልቁንም በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ወደ አንድ ገበያ እንወርዳለን። ሻጭም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጾሙ እንድንታገሥ ያስተማረንን ያህል የጾሙ ፍቺ ትዕግሥታችንን ሲፈትነው ይታያል።

ቤተ ክርስቲያን ሥጋን እንደማታወግዝ ግልጽ ነው። በወንጌል ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ሲመለስ አባቱ የሰባውን ፍሪዳ እንዳረደለት እናነባለን። ሆኖም የበዓሉ ደስታ በሥጋው ብዛት እንደሚለካ የሚናገር አንድም ስፍራ አላገኘንም። እንዲያውም ከሙታን የተነሣው ጌታ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ተገኝቶ ሲበላ የቀረበለት ጥብስ ዓሣና የማር ወለላ እንደ ነበረ ቅዱስ ሉቃስ በምዕራፍ 24 ጽፎልናል። በጥብርያዶስ ባሕር ዳርቻም ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ላደሩት ሐዋርያት ያዘጋጀላቸው ቁርስ ዓሣና እንጀራ ነበር። የመጀመሪያው የትንሣኤ ማዕድ ፍሪዳ አልነበረበትም ማለት ነው። የጣና፣ የዝዋይ፣ የሐዋሳና የጫሞ ሐይቆች ባለቤት የሆነች አገር ልጆች በፋሲካ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ጠብሰው ቢያቀርቡ ከበዓሉ ታሪክ አይርቁም። እርግጥ ነው ዓሣ በየቦታው አይገኝም፤ በሚገኝበት ከተማ ግን ከበግ ጋር ሲነጻጸር ለብዙ ሰው የሚደረስበት ነው።

ሥጋ የግድ ያስፈልጋል የሚል ቤተሰብ ደግሞ አባቶቻችን ያቆዩለት ብልሃት አለው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እንደ ተደነገገው፣ ቤተሰቡ አንድ ጠቦት ለመጨረስ የሚያንስ ከሆነ ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር በነፍስ ወከፍ ተሳስቦ እንዲካፈል ነበር የታዘዘው። የእኛም ቅርጫ ከዚህ መንፈስ የራቀ አይደለም። ስምንት ወይም አሥር፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ የሆኑ አባወራዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ማለዳ ያርዱና ከጎድኑም ከሽንጡም ከታላቁም ከታናሹም ብልት እኩል እያደረጉ በቅጠል ላይ መደብ መደብ ይዘረጋሉ። ከዚያም ዕጣ ይጥላሉ፤ መደቡን የሠራው ሰው የትኛው ለራሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አድልዎ አይገባበትም። በከተማ ያሉ አንዳንድ ቤተሰቦች ይህንኑ ለበግ ሲያውሉት ይታያል። አንዱን በግ ለሁለት ወይም ለሦስት መካፈል ነውር የሚመስላቸው አሉ፤ ኦሪቱ ግን ነውር አላለውም።

የቅርጫው ሥጋ ከቤት ከገባ በኋላ ደግሞ የባለሙያዋ ተራ ነው። ሥጋው በአንድ ቀን ጥብስ ካለቀ ምንም ቢገዛ አይበቃም። ጥቂቱ ተዘልዝሎ ለቋንጣ ይሰቀላል፤ ለሳምንታት በፍርፍር ይበላል። ጥቂቱ ተከትክቶ ምንቸት አብሽ ይሠራል፤ ከዚያም ያነሰው በቦዘና ሽሮ ውስጥ ይገባል፣ ወይም በጎመን በሥጋ ላይ ይውላል። በእነዚህ ወጦች ውስጥ ሥጋው እንደ ቅመም ሆኖ ያገለግላል እንጂ ድስቱን አይሞላም። አጥንቱ መረቅ ይሆናል፤ ጨጓራውና ጉበቱ ዱለት ይሆናል። ጉበት በብረት ማዕድን የበለጸገ በመሆኑ ደም ለሚያንሳቸው እናቶች ከሽንጥ ሥጋ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ በደንብ መብሰሉን ግን ማየት ይገባል።

ዶሮዋም ብትሆን ይኸው ነው። የዶሮ ወጥን ጣዕም የሚያመጣው ቀስ ብሎ የበሰለው ቁሌት መሆኑን የማያውቅ የለም። አንዷን ዶሮ ለሁለት ቤት ተካፍሎ በቁሌቱ ውስጥ ዕንቁላል ማብዛት፣ ካልሆነም ዕንቁላል ብቻ ጨምሮ የዕንቁላል ወጥ መሥራት ይቻላል። እዚህ ላይ ስለ አከፋፈሉ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በልማዳችን ፈረሰኛው ለአባወራው፣ ክንፉና አንገቱ ለልጆች ነው። ብልቱ አሥራ ሁለት በሆነበት ዘመን ይህ ክብር ነበር፤ ስድስት ብልት ለስምንት ሰው በሚቀርብበት ቤት ግን ማደግ የሚገባው ሕፃን በመረቅ ተሸኝቶ አዋቂው ሥጋውን ቢወስድ ክብሩ አይታየኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም እንደማይጾሙ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ደንግጓል። ይህን ሰምተው 50ውን ቀን ሥጋ መብላት ግዴታ የሆነባቸው የሚመስላቸው ምእመናን ያጋጥማሉ። አንዲት እናት፣ “በበዓለ ኀምሳ ረቡዕ ቀን ሽሮ ብሠራ ሥርዓት አፈረስሁ ይሆን?” ብለው ጠይቀውኛል። ሥርዓቱ የከለከለው በእነዚያ ቀናት ጾሞ መዋልን ነው። ማለዳ ቁርስን በልቶ፣ ሽሮውን በቅቤ አቁላልቶ፣ ከጎኑ አይብ ወይም እርጎ አቅርቦ የሚበላ ሰው ጾመ አይባልም። ሥጋ የተፈቀደ ነው፤ የታዘዘ ግን አይደለም።

የሚያስገርመው፣ በጾሙ ወራት የእማወራዎቻችን ሙያ የሚታየው ያለ ሥጋ በሚሠራው ምግብ ሆኖ ሳለ በፋሲካ ማግሥት ሁሉም ነገር እንዳልነበረ መተዉ ነው። የሽምብራውን ዱቄት በዓሣ መልክ አበጅቶ በወጥ የሚያበስል፣ ስልጆውን በስናፍጭ የሚያሳምር፣ አዚፋውን፣ እልበቱንና የሱፍ ፍትፍቱን የሚያውቅ እጅ የሥጋ እጥረት ሊያሸንፈው ባልተገባ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ከስንዴና ከባቄላ የተቀቀለውን ጉልባን ሀብታሙም ድኃውም እኩል ይበላዋል፤ ያን ዕለት ማንም የጎደለብኝ አለ አይልም። እነዚህኑ ምግቦች በ50ው ቀናት በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን በቅቤ፣ በወተትና በዕንቁላል እያጀቡ መቀጠል የቤቱን ወጪ በእጅጉ ያቃልላል።

ስለ ጉልበትም የሚሰጉ አይጠፉም። መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ ውስጥ ከ24 እስከ 26 ግራም የሚደርስ ገንቢ ምግብ አለ፤ ሽምብራው 20 ያህል ይይዛል። በእርግጥ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ በሳህን ላይ ሲቀርብ መጠኑ ይቀንሳል። በእንጀራው የጎደለውን ጥራጥሬው፣ በጥራጥሬው የጎደለውን እንጀራው ስለሚሞላ ሽሮና ምስር በእንጀራ መብላታችን እንዲያው የልማድ ነገር ብቻ አይደለም። ከጥራጥሬ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው ሲሆን፣ እርሱን ለማግኘት ዕንቁላልና ወተት ያገለግላሉ። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ሊቀነስ የሚገባው የአዋቂዎች ሥጋ እንጂ የሕፃናትና የነፍሰ ጡሮች ዕንቁላልና ወተት አይደለም። ጥራጥሬውም ቢሆን ዛሬ ርካሽ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ምስር ለተወደደበት ቤት አተር ክክና ባቄላ አሉ።

ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በባቢሎን ከንጉሡ ማዕድ ርቀው ለዐሥር ቀን ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው አምሮ መገኘቱ ይታወቃል። እነርሱ ግን ይህን ያደረጉት ወደው ነው። ተቸግሮ የሚያደርገው ሰው ልቡ ይሰበራል፤ የጎረቤቱ የጥብስ ሽታ ወደ ቤቱ ሲገባና ልጁ ሲጠይቀው የሚመልሰው ያጣል። ለዚህም ነው ብዙዎች በበዓል ዋዜማ በአራጣ ሳይቀር የሚበደሩት። በአንድ ቀን የተበላን በግ ዕዳ እስከ ፍልሰታ ሲከፍሉ የሚከርሙ ቤተሰቦች አሉ፤ በመካከሉ የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ ይጓደላል። ለእነዚህ ወገኖች የምለው፣ በዓሉ በአንድ ቀን አያበቃም። ሳምንቱን ሙሉ እስከ ዳግም ትንሣኤ እንደ አንድ ቀን ይከበራል። የበዓሉ ግርግር ሲበርድ የበግ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ቀነስ ይላል፤ ምንም እንኳ የሠርጉ ወቅት ተከትሎ ስለሚመጣ ብዙ መዘግየት ባይመከርም። በፋሲካ ሌሊት በዕንቁላል ወጥና በአይብ ጾሙን ፈትቶ ቅርጫውን ለዳግም ትንሣኤ ያደረገ ማኅበር በዓሉን አላጎደለም።

ያረደም ቢሆን በቅርጫው መደብ ላይ አንድ ተጨማሪ ቢያክል መልካም ነው። ዐሥር ሆነው በሬ የገዙ ጎረቤታሞች ዐሥራ አንደኛውን መደብ ከየድርሻቸው ጥቂት ጥቂት ቆርጠው ቢያበጁ የአንዱም ድስት አይጎድልም። ዐሥራ አንደኛው መደብ ዕጣ አይጣልበትም፤ ባሏ ለሞተባት ወይም ጧሪ ለሌለው ሽማግሌ፣ በር ሳይንኳኳ፣ በልጅ እጅ በሳህን ተሸፍኖ በማለዳ ይላካል።