ቢርካውን የሚያለብሰው አረንጓዴ ዝልግልግ

ከጅጅጋ ተነሥቶ በቀብሪበያህ በኩል ወደ ሐርሺን የሚሄድ መንገደኛ በየሠፈሩ ዳር በድንጋይና በስሚንቶ የተለሰነ ሰፊ ጉድጓድ ያያል። ይህ ቢርካ ይባላል። የሐውድ ሜዳ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ የምድር ውስጥ ውሃውም እጅግ ጥልቅ ነው። ስለዚህ ሰውና ከብት ጅላል በሚባለው ደረቅ ወራት የሚጠጡት በዝናም ጊዜ በቢርካ ያጠራቀሙትን ጎርፍ ነው። ባለቢርካው ለራሱ ከሚበቃው የተረፈውን ለጎረቤት በበርሜል ይሸጣል። የውሃን ነገር አገሩ በደኅና ያውቀዋል፤ በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ ጦርነት የሸሸው ሕዝብ በሐርትሼክ ሲሰፍር ውሃ ከሩቅ በቦቴ መኪና ይጋዝለት ነበር። ያ የስደተኞች ሠፈር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በዚህ ውድ ውሃ ላይ ዝናሙ ካቆመ በኋላ አረንጓዴ ነገር ይወጣበታል። ግድግዳው ይዝለገለጋል፤ ሽታውም ይለወጣል። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ጎርፉ ባዶውን አይመጣም፤ የግመሉን፣ የበጉንና የፍየሉን በጠጥ ጠርጎ ይገባል። በጠጡ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አለበት። የረጋ ውሃ፣ ሙቀትና የቀን ፀሐይ ሲጨመሩበት ለአልጌ ከዚህ የተሻለ ማሳ አይገኝም። የባሕር ዓሣና ኮራል በመስተዋት ገንዳ የሚያሳድጉ የውጭ አገር ሰዎችም የሚታገሉት ከዚሁ ጠላት ጋር ነው። ገንዳቸውን ቀይ ዝልግልግ ሲወርረው ምግቡን ይቀንሳሉ፣ ውሃውን ያንቀሳቅሳሉ፣ መብራቱንም ለጥቂት ቀን ያጠፋሉ። የእነርሱ ጉዳት የጌጥ ነው፤ የሐርሺን እናት ግን ያንኑ ውሃ ለልጅዋ ታጠጣለች።

ዝልግልግ ሁሉ አንድ አይደለም። ተራው አረንጓዴ አልጌ ጣዕምን ያበላሻል እንጂ ብዙ አይጎዳም። የሚያስፈራው ሲያኖባክቴሪያ የሚሉት ሰማያዊ አረንጓዴ ዘር ነው። ይህ በመልኩ አልጌ ይምሰል እንጂ ባክቴሪያ ነው፤ ከወገኖቹም ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የሚያወጡ አሉ። በአገራችን በቆቃ ሐይቅ መኖሩን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በውሃው ፊት ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ተንሳፎ ሲታይ ከዚያ ባይቀዳ፣ ከብትም ባይጠጣ ይሻላል። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋውም።

አዲስ የተሾመ የጤና ወይም የውሃ ሠራተኛ በዚህ ጊዜ ወደ መድኃኒቱ ጣሳ መሮጡ አይቀርም። ነገር ግን አረንጓዴው በበዛበት ሰዓት ክሎሪን ወይም የመዳብ ጨው ቢደፋበት ሕዋሳቱ ይፈነዱና በውስጣቸው የነበረው መርዝ ወደ ውሃው ይፈስሳል። ክሎሪኑም በቆሻሻው ላይ ስለሚያልቅ ለተሕዋስያኑ የሚተርፍ ኃይል አይኖረውም። ውሃ አጋርም ቢሆን በጠራ ውሃ ላይ ነው ጥሩ የሚሠራው።

የሚበጀው ፀሐዩንና ምግቡን መከልከል ነው። የአገሩ ሰው ቢርካውን በእሾህና በቅርንጫፍ ሲሸፍን የኖረው ውሃው እንዳይተን ብሎ ነበር፤ ሽፋኑ ብርሃንንም ይቀንሳል። ገንዘብ ያለው ቆርቆሮ ያለብሰዋል። ከመግቢያው ፊት ጎርፉ ደለሉን የሚያራግፍበት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ጎርፉ የሚመጣበት መሬት ይጠረግ፤ የከብቱ ገንዳም ራቅ ብሎ በታች በኩል ይሠራ። ዋናው ሥራ ግን በጅላል መጨረሻ ቢርካው ሲደርቅ ወለሉንና ግድግዳውን መፋቅ ነው። የተፋቀው ጭቃ ከመግቢያው በላይ ከተደፋ የመጀመሪያው ዝናም መልሶ ያስገባዋልና፣ ከቢርካው በታች ርቆ ይጣል።