ከአውሮፕላኑ ጭራ የተደበቀችው ሞተር

አክስቴ ከዱባይ በተመለሰች ማግስት፣ ቶናው ሲቀዳ አነሳችው። «ልጄ፣ ስንሄድ ከቦሌ ሳንነሳ አየሩ ጥፍት አለ፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም አለ። ተበላሽቶ ነው እንዴ ይዞን የበረረው?»

አልተበላሸም። እንዲያውም ሁሉም በወጉ እየሠራ ነበር። አክስቴ ያስተዋለችው አንዲት ትንሽ ሞተር ሥራዋን ለትልልቆቹ ስታስረክብ ነው።

ወደ አውሮፕላን ስንገባ ክንፍ ሥር ያሉት ሞተሮች ዝም ብለዋል፤ ውስጡ ግን መብራት አለ፣ ከራሳችን በላይ አየር ይነፍሳል። አንዳንዴ ኃይሉ የሚመጣው ከመሬት በተሰካ ገመድ ነው። ገመድ ከሌለ ግን ጭራው ጫፍ ላይ ያለችው ቀዳዳ ትታይህ፤ የጭስ መውጫ ናት። ከበስተጀርባዋ የተቀመጠችው ሞተር የአቪዬሽን ሰዎች ኤፒዩ የሚሏት ናት። አውሮፕላኑን አትገፋም። ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፣ የታመቀ አየር ትሰጣለች፤ በቃ። መብራት ሲሄድ ሱቅ በር ላይ የሚያጓራውን ጀነሬተር አስብ፤ ይህቺ ግን በዚያ ላይ ወናፍ ተጨምሮላታል። ነዳጇን ከዚያው ከአውሮፕላኑ ታንክ ነው የምትቀዳው፤ በቦይንግ 737 ወይም በኤርባስ ኤ320 መጠን ባለ አውሮፕላን በሰዓት 100 ኪሎ ገደማ ትጠጣለች። ገመድ ባለበት ቦታ አየር መንገዶች «አጥፏት» የሚሉት ለዚህ ነው።

በ1964 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ቦይንግ 727 ይህቺን ሞተር ይዞ የወጣ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ነው። የመሬት ማስነሻ መሣሪያ በሌለባቸው ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች ያለ ማንም እርዳታ እንዲሠራ ታስቦ ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ አየር። ትልቁ ሞተር ቁልፍ ስለተጠመዘዘ ብቻ አይነሳም፤ ባትሪው እንደሞተ መኪና የሚገፋው ይፈልጋል። የሚገፋው አየር ነው። ትንሿ ሞተር ያመቀችው አየር በቧንቧ ሄዶ ትልቁን ያሽከረክረዋል፤ በቂ ፍጥነት ሲይዝ ነዳጅና ብልጭታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል። በዚያች ደቂቃ ለመንገደኛው የሚተርፍ አየር የለም፣ ስለዚህ ይዘጋል። ጸጥታው ያ ነው። ሞተሩ ተነስቶ የራሱ ጀነሬተር ጭነቱን ሲረከብ ደግሞ መብራቱ ዓይን እንደሚጨፈን ያህል ብልጭ ይላል።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ሥራዋ አለቀ?» አለች አክስቴ።

አብዛኛውን ጊዜ አዎ፣ ትጠፋለች። እንደ ቦሌ ባለ ከፍታ ላይ ግን ዕረፍት የማታገኝበት ቀን አለ።

ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይሻል፣ ሞተሩም የሚምገው አየር ያንሰዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ይህ ሁሉ ሳያንስ በብዙዎቹ አውሮፕላኖች እኛ የምንተነፍሰው አየር የሚመጣው ከዚያው ከሞተሩ ተቆንጥሮ ነው። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፦ ታች ያለው ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሻወር ክር ይሆናል። ሞተሩም ለካቢኑ ባካፈለ ቁጥር ግፊቱ ትንሽ ይቀንሳል። በደጋ ላይ፣ አውሮፕላኑ ጢም ብሎ ሲሞላ፣ ያቺ ትንሽ ጥቂት ሻንጣ ጥሎ መሄድ ማለት ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ እንደ 737 ባሉት ላይ አብራሪዎቹ አንድ ዘዴ አላቸው። ከትልልቆቹ ሞተሮች የሚወጣውን አየር ይዘጉና ትንሿን ሳያጠፉ ይንደረደራሉ። መንገደኛውን የምታስተነፍሰው እሷ ትሆናለች፤ ትልልቆቹ ትንፋሻቸውን በሙሉ ለመነሳት ያውሉታል። ከፍ ካሉ በኋላ አየሩን ወደ ሞተሮቹ ተራ በተራ ይመልሱና ያሳርፏታል። ጆሮ በዚያች ቅጽበት ለውጡን ሊሰማው ይችላል። እሷም ብትሆን እስከ ሰማይ ጥግ አትሸከምም፤ የምትምገው ያንኑ የሳሳ አየር ነዋ! በ737 ላይ አየርና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ የምትሰጠው እስከ 10,000 ጫማ ነው፣ አየር ብቻ ከሆነ እስከ 17,000፣ ኤሌክትሪክ ብቻ ከሆነ ግን እስከ 41,000።

ድሪምላይነር የሚባለው የቦይንግ አውሮፕላን ከዚህ ጣጣ ወጥቷል። ካቢኑን በኤሌክትሪክ መጭመቂያ ስለሚሞላ ከሞተሩ ለመንገደኛ አየር አይቆነጥርም፤ ሞተሮቹም የሚነሱት በኤሌክትሪክ ነው። ጭራው ላይ ያለችው ሞተር እዚያ ጀነሬተር ብቻ ናት።

አክስቴ ግን ስለ ድሪምላይነር ግድ አልሰጣትም። «በአየር ላይ ሳለን ትልልቆቹ ቢጠፉስ?» አለች።

ጥር 15 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ያ ሆኗል። ኤ320 አውሮፕላን በተነሳ በደቂቃዎች ውስጥ የዝይ መንጋ ገባበትና ሁለቱም ሞተሮች ጉልበታቸው ከዳቸው። የአውሮፕላኑ ካፒቴን ሰለንበርገር የአደጋ ጊዜ መመሪያው ተራውን ጠብቆ እስኪደርስበት አልጠበቀም፤ ወዲያው ይህቺን ሞተር አስነሳ። ኤ320 የሚታዘዘው በኮምፒውተር በኩል ነውና ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ በሥርዓቱ እየተቆጣጠረ ሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው። 155ቱም ሰዎች ከነሕይወታቸው ወጡ።

አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። «እና ያቺ ከኋላ ስቀመጥ የምትጮህብኝ እሷ ናት?»

እሷው ናት፤ ከመጨረሻው መጸዳጃ ቤት ግድግዳ ጀርባ።