አንባቢ፣ ጸሓፊ፣ መሪ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ እንሰት በከበባቸው መንደሮች መካከል በደጋ ላይ የተቀመጠችው ሆሳዕና፣ የቀድሞ ስሟን ዋቸሞን የወረሰ ዩኒቨርሲቲ፣ የመምህራን ኮሌጅና በሐድያዪቱ ንግሥት በእሌኒ ስም የተሰየመ ሆስፒታል ያላት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ የሆነች ከተማ ናት። ዳሩ ግን ዩኒቨርሲቲው ከመቋቋሙ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስቀድሞ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በዚህች ከተማ ትምህርት ቤት ከፍታ ስለ ነበር፣ ሆሳዕና የከፍተኛ ትምህርት ከተማ ከመባሏ በፊት በእጅ የሚነገር ቋንቋ ከተማ ነበረች ቢባል ነገርን ማጋነን አይሆንም። እምብዛም ስለማይወራለት አንድ የግቢ ሥራ ለመጻፍ ሳስብ ከዚህች ከተማ መነሣቴም ስለዚሁ ነው።

ሥራው የተማሪ ረዳትነት ነው፤ ይኸውም አንዱ ተማሪ ዐይኑን ወይም እጁን፣ አንዳንድ ጊዜም ጉልበቱን፣ ለሌላው ተማሪ ትምህርት በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ሥርዓት የሚያውልበት አገልግሎት ነው። መምህሩም ጓደኛውም በእጅ በሚነጋገሩበት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ ለመቶ ሰው በሚናገር መምህር ፊት ትቀመጣለች፤ ዐይነ ስውሩም ወጣት «ይህ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር» የሚል ንግግር ይሰማል እንጂ «ይህ» ምን፣ «ያ»ም ምን እንደ ሆነ የሚነግረው የለም፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም የመማሪያ ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ከሰሌዳው ይረዳል። መንግሥት መድቦታል፣ ዶርም ተሰጥቶታል፣ የካፌ መታወቂያም በኪሱ ነው፤ በእርሱና በትምህርቱ መካከል ግን አንድ ሰው ይጎድላል።

እንዲህ ያለው ረዳት ለአገራችን ትምህርት እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ቅኔ በልቡና ተቆጥሮ በቃል ስለሚነገር፣ ዜማውም በጆሮ ስለሚጠና፣ ዐይነ ስውር ደቀ መዝሙር ከዐይናማው ጋር ተካክሎ ሊቀኝ፣ ከዚያም አልፎ ወንበር ዘርግቶ ሊያስተምር ይችል ነበር፤ የኔታን እጃቸውን ይዞ ወደ ማኅሌት የሚያደርሳቸውና የሚመልሳቸው ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበር፤ ዋጋውም ከአንደበታቸው የሚቀስመው ቀለም ነው። ወደ ቀደመው ዘመን ብንመለስ ደግሞ፣ በአራተኛው ምእት ዓመት የእስክንድርያን የትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ዐይኑ የጠፋ ሰው ሲሆን፣ ፊደልን በእንጨት ላይ አስቀርጾ በጣቱ እየዳሰሰ እንደ ተማረ ይነገርለታል። ለዚያ ወንበር አበቃው የሚባለው አትናቴዎስ ለእኛም ከሣቴ ብርሃን ሰላማን የቀባልን ነው። ስንት አንባቢ በዲዲሞስ ጎን ተቀምጦ ስንት ብራና እንዳነበበለት ግን ታሪክ አልቆጠረውም፤ የአንባቢ ዕጣ ድሮም እንዲሁ ነበር።

በአሜሪካ አገልግሎቱ መዝገብና ደመወዝ ያገኘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለአካል ጉዳተኞች የተለየ የትምህርት መርሐ ግብር ተጀመረ፤ በ1962 ደግሞ በፖሊዮ ምክንያት ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ የማይችለው ኤድ ሮበርትስ ወደ በርክሌይ ገብቶ፣ ለእርሱ የሚሆን ዶርም ስላልነበረ በግቢው ሆስፒታል እያደረ ተማረ። እርሱና እርሱን የመሰሉት ተማሪዎች የጠየቁት አገልግሎት በ1970 ራሱን የቻለ ጽሕፈት ቤት ሆነ። በ1973 የወጣው ሕግ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሁሉ አካል ጉዳተኛን ከአገልግሎቱ እንዳያገልል ከደነገገ ወዲህ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ መጽሐፍ በድምፅ መቅዳትና በፈተና መጻፍ ተማሪዎች በሰዓት እየተከፈላቸው የሚሠሩት የግቢ ሥራ ሆነ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ሰፊው የአንባቢው ነው። አንባቢ ሊሆን የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ መረዳት ያለበት፣ ድምፁ ማማሩ ወይም ንባቡ መፍጠኑ ሳይሆን አንዳች አለመዝለሉ እንደሚፈለግ ነው። የግርጌ ማስታወሻውን፣ የሠንጠረዡን ርእስ፣ በሥዕሉ ላይ ያለውን ቀስት ሳይቀር መናገር ይገባዋል፤ አንባቢ ከሚናገራቸው ቃላት ሁሉ የከፋው «ይኼ እንኳ ብዙም አያስፈልግህም» የሚለው ነው፤ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን የመለየት ሥልጣን የሚያነበው ሳይሆን የሚማረው ነውና። በሆሳዕና ይህ ሥራ ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ሐድይሳም ከምባትሳም የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ የአካባቢው ዐይነ ስውር ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ዓይነት ብሬል፣ በአማርኛ ሌላ ዓይነት ብሬል ተምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይቀጥላል፤ አንባቢውም የሦስቱን ንባብ ያለ መደነቃቀፍ መቻል አለበት።

ብሬሉ ራሱ ስድስት ነጥቦች የሚሰጡት 63 ዓይነት ቅርጽ ነው። በኅትመት አንድ የሆነው «ቡ» በብሬል ተነባቢውና አናባቢው በየራሳቸው ቅርጽ ስለሚጻፉ ሁለት ቦታ ይወስዳል፤ ተማሪው ስሌትና ስታይለስ በሚባሉት የብሬል መጻፊያዎች ሲጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፣ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። አንዱ ፊደል ሁለት ቦታ ስለሚወስድም አንድ የማስተማሪያ መጽሐፍ በብሬል ቢታተም ለመሸከም የሚያስቸግር ጥራዝ ይሆናል። ስለዚህም ዛሬ ብዙው ነገር ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ዞሯል፤ ጆውስና ኤንቪዲኤ የሚባሉት ስክሪን ሪደሮች ጽሑፉን በድምፅ ያነባሉ፣ ሁለተኛውማ ሁለት ዐይነ ስውራን አውስትራሊያውያን በነጻ እንዲታደል ያዘጋጁት ነው። ነገር ግን ሀንድአውቱ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ በቴሌግራም የተላከ እንደ ሆነ፣ መሣሪያው በፎቶግራፉ ፊት ብዙ ጊዜ ዲዳ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ረዳቱ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ይተይበዋል፣ ወይም አንብቦ በድምፅ ይቀዳዋል። የመጽሐፉን ባለ መብት ሳያስፈቅዱ እንዲህ ማድረግ ሌብነት እንዳይባል የማራካሽ ስምምነት በ2013 እ.ኤ.አ. በር ከፍቷል፤ ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት አጽድቃለች።

ማስታወሻ ያዡ የሚያገለግለው በተለይ መስማት የተሳነውን ተማሪ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ተማሪው ዐይኑን ከአስተርጓሚው እጅ ነቅሎ ወደ ደብተሩ ባቀረቀረ ቁጥር አንድ ዐረፍተ ነገር ያመልጠዋል፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ግድ ይሆናል። አስተርጓሚነቱን ግን ለበጎ ፈቃደኛ ጓደኛ መስጠት አይገባም። የኢትዮጵያ የጣት ፊደል ለ33ቱ ሆሄያት 33 የእጅ ቅርጽ፣ ለሰባቱ ድምፆች ደግሞ ሰባት እንቅስቃሴ ያለው ጥበበኛ ሥርዓት ነው፤ ይህን በሁለት ሳምንት ማጥናት ይቻላል፤ ቋንቋው ግን የጣት ፊደል ብቻ አይደለም፤ ሰዋስውም ባህልም አለው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዲግሪ የሚያስተምረውም ስለዚህ ነው። ጥቂት ምልክት ያወቀ ተማሪ ካፌ ውስጥ ሊያጫውት ይችላል፤ የአናቶሚን ትምህርት ሊያስተረጉም ግን አይችልም።

የፈተና ጸሓፊ ሁኔታ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። መልካም ጸሓፊ ከተፈታኙ አብልጦ የማያውቅ፣ ወይም ቢያውቅ እንዳላወቀ የሚሆን ሰው ነው፤ ተፈታኙ «ቢ» ካለ፣ መልሱ «ሲ» መሆኑን እያወቀ «ቢ»ን ያከብባል፤ ፊቱን ማጥቆር፣ መተንፈስ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ እንኳ ክልክል ነው። ስለዚህ ጸሓፊው ከሌላ ዲፓርትመንት እንዲመጣ፣ በተለየ ክፍል ፈታኝ ባለበት እንዲቀመጡ፣ ሰዓትም እንዲጨመር ያስፈልጋል። ጥብቅነቱ መምህሩን ለማስደሰት አይደለም፤ ተፈታኙ ተመርቆ ሲወጣ «ሌላ ሰው ጽፎለት ነው» የሚል ሐሜት እንዳይከተለው ነው።

መሪነት ቀላል ይመስላል፤ ጀማሪ የሚስተው ግን በዚህ ነው። ዐይነ ስውርን ክንዱን ጨብጦ መግፋት ሰውን እንደ ዕቃ ማንቀሳቀስ ነው፤ ሥርዓቱ እርሱ የመሪውን ክርን ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲከተል፣ መሪውም «ደረጃ ነው፣ ወደ ላይ» ብሎ አስቀድሞ እንዲናገር ነው። በሆሳዕና ክረምት፣ ጭቃው መንገዱንም ቦዩንም አንድ ባደረገበት ሰሞን፣ ነጭ በትር የያዘ ሰው ለብቻው የሚያደርገው ነገር ያንሳል። በተሽከርካሪ ወንበር ላለው ደግሞ ሰው ብቻውን አይበቃም። በዱራሜ አጠገብ ባለው በሐምበሪቾ ተራራ ላይ 777 ደረጃዎች ተሠርተው የአገር መኩሪያ ሆነዋል፤ የተራራውን ደረጃ እኔም አደንቃለሁ። የመማሪያ ሕንፃ ግን ተራራ ስላልሆነ፣ በሦስት ደረጃዎች ፋንታ አንድ ተዳፋት ይበቃው ነበር፤ የሕንፃ አዋጁ 624/2001ም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት መንገድ እንዲኖረው አዝዟል። ተዳፋቱ በሌለበት ግቢ አራት ጓደኞች ወንበሩን አንሥተው ፎቅ ሲወጡ የሚታየው ነገር ፍቅር መሆኑን አልክድም፤ ፍቅሩ ግን ከበስተጀርባው ያለውን የመሐንዲስ ስንፍና መሸፈን የለበትም።

ሕጉስ ምን ይላል ያልን እንደ ሆነ፣ በቂ ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያስገድዳል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በ2011 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 650 የሕንፃውን፣ የኮምፒውተሩን፣ የተጨማሪ ማጠናከሪያ ትምህርቱንና የፈተና ሰዓት ጭማሪውን ነገር በስም ጠቅሶ ደንግጎ ነበር፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት የሚመለከተው አዋጅ 568/2000ም አንድ ሰው ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል ረዳት ቢያስፈልገው አሠሪው እንዲመድብለት ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. ጸድቋል። የጎደለው አንቀጽ አይደለም፤ በአንቀጹና በዶርሙ መካከል የሚቆም፣ ስሙ በመዝገብ የተጻፈ፣ ሰዓቱ የታወቀ ሰው ነው።

ዛሬ በግቢዎቻችን ይህን ክፍተት የሚሞላው በአብዛኛው የዶርም ጓደኛ፣ የክበብ አባል ወይም የጸሎት ኅብረት ባልንጀራ ነው፤ ሥራውንም እንደ ጽድቅ ያየዋል። ይህ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን በነጻ የተደረገ ደግነት ተቀባዩን ባለ ዕዳ ያደርገዋል። ለጽድቅ የሚያነብለትን ጓደኛ «ዛሬ ዘግይተሃል» ሊለው አይደፍርም፤ በፈተና ዋዜማ ሊጠራው ያፍራል፤ አነባበቡ ባይስማማው ሊለውጠው አይችልም፤ ምስጢሩንም፣ ውጤቱንና ሕመሙን ሁሉ፣ ሳይወድ ያካፍለዋል። ሥራ ሲሆን ግን ሁለቱም ነጻ ይወጣሉ። ክፍያው ደግሞ ለረዳቱም ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከሆሳዕና፣ ከሾኔና ከዱራሜ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚሰደድበት አገር፣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርቱን ወጪ በዕዳ ለሚጋራ የገበሬ ልጅ የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ገንዘብ ማግኘት ትልቅ እፎይታ ነው።

ገንዘብ ከሌለ አገልግሎቱ ከትምህርቱ ጋር ሊቆጠር ይችላል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርደው እንዲያገለግሉ ተደርጎ ነበር፤ ብዙዎቹም በየገጠሩ ከተማ አስተማሩ። ያ አገልግሎት የትምህርቱ ክፍል መሆኑ ክብሩን አልቀነሰበትም። ደመወዝ ፍቅርን ያበላሻል የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን ቅዳሴው በሰሞነኛ ተራ መቀደሱ፣ ካህኑም ድርጎ መቀበሉ ጸሎቱን ሲያበላሸው አላየሁም። የረዳትነትም ሥራ እንዲሁ በሰሞን ቢደለደል፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል፤ ማንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይወድቅም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሰናዶ ብዙ አይደለም። ሬጅስትራሩ በምዝገባ ዕለት ረዳት የሚያስፈልገው ተማሪ እንዳለ በአክብሮትና በምስጢር መጠየቅ፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ካለ ረዳቶቹን በመጀመሪያው ሳምንት ማሠልጠን፣ መምህራኑም ሀንድአውታቸውን በፎቶ ሳይሆን በተተየበ ፋይል አስቀድመው መስጠት ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ እንዳይረሳ አሳስባለሁ፤ በግቢዎቻችን ማስታወቂያ ሁሉ በወረቀት ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ አንባቢ መቀጠሩን የሚነግረው ማስታወቂያም እዚያው ተለጥፎ፣ አንባቢ የሚያስፈልገው ተማሪ በአጠገቡ ሳያውቀው እንዳያልፍ፣ በየዶርሙ እየተዞረ በቃል ይነገር፣ በምልክት ቋንቋም ይተላለፍ።